የማዶ ሰዓት

ጋሽ ወልደሥላሴ የቆሸሸ የሰዓት ማሰሪያ ካዩ ምግብ አይወርድላቸውም። ማጋነን አይደለም። ሠርግ ተጠርተው፣ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ እጁን ወደ ትሪው በሰደደ ቁጥር ላብ ጠጥታ የጠቆረች የቆዳ ማሰሪያውን እያዩ ጦማቸውን የተመለሱበት ቀን አለ። ባለቤታቸው ሲስተር ፀዳለ “ሰውየው እኮ እጁን ታጥቦ ነው የቀረበው” ብትላቸው፣ “እጁንማ ታጥቧል፤ ሰዓቱን መቼ ታጠበ?” ብለው አፏን አስያዟት።

ይህን አመል ይዞ ጋምቤላ መኖር ደግሞ መከራ ነው። ደጋ አገር አምስት ዓመት የምታገለግል የቆዳ ማሰሪያ እዚህ በዓመቷ ጠንክራ፣ ተሰነጣጥቃ፣ ሸትታ ታርፈዋለች። የብረቷም ብትሆን በየመገጣጠሚያዋ ላብና አቧራ ይጋገርባትና አረንጓዴ ነገር ታወጣለች። ጋሽ ወልደሥላሴ ሃያ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ እኩዮቻቸው ገሚሱ ዶሮ ማርባት ያዘ፣ ገሚሱ አቦቦ ገጠር ወርዶ መሬት ነካካ። እሳቸው ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ሰዓት ማጠብ ጀመሩ። ፀዳለ መጀመሪያ ሰሞን ስቃባቸዋለች። ኋላ ላይ ግን ከጤና ጣቢያው የሥራ ባልደረቦቿን ሰዓት በፌስታል እየሰበሰበች የምታመጣው እሷው ሆነች።

ሥራው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ይነጠፋል፤ ማሰሪያዋን ከሰዓቷ ጋር የምታያይዘው ቀጭን ዘንግ ሲሚንቶ ላይ ከተፈናጠረች መገኛዋ አይታወቅም። ማሰሪያው ከተፈታ በኋላ ብረት ወይም ጎማ ከሆነ፣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያለበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይተኛል፤ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ ብሩሽ ያልደረሰበትን ስቴኪኒ ይደርስበታል። ቆዳ ከሆነ መንከር ክልክል ነው። በሳሙና የራሰ ጨርቅ ጥሩ አድርጎ ተጨምቆ ይታሽና፣ ጥላ ላይ ይሰቀልና፣ ሲደርቅ ቫዝሊን በጣት ጫፍ ይነካል። ሰዓቷ ራሷ ውኃ አጠገብ አትደርስም። አንድ ጊዜ ፀዳለ የራሷን ማሰሪያ ጤና ጣቢያ በረኪና ውስጥ ነክራ አንጥታ መጣችና ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፈዋት ከረሙ።

እንግዲህ በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ፣ ጎረቤታቸው ኛሩዋይ ልጇን አዝላ መጣች። ኛሩዋይ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ቶክ አቦቦ ውስጥ ሾፌር ስለሆነ የሚመጣው በወር አንዴ ነው፤ ስለዚህ ጋሽ ወልደሥላሴና ፀዳለ የእሷን ደጅ እንደ ራሳቸው ደጅ ነው የሚጠብቁት። የአሥራ አንድ ወሯ ልጇ ኛጋይ በእግሯ መሄድ የተለማመደችው የጋሽ ወልደሥላሴን ሱሪ ይዛ ነው።

ኛሩዋይ ከእጇ ላይ ሰዓቷን ፈታ ፎጣው ላይ አስቀመጠች። የወንድ ሰዓት ናት፣ ክብ፣ ፊቷ ነጭ። ማሰሪያዋን ጋሽ ወልደሥላሴ ስንት ጊዜ በሩቁ አይተው “አምጪያት” ብለዋት፣ “ዛሬ ነገ” ስትል ቆይታለች።

“ቲቸር፣ ይህችን ለቅዳሜ ያድርሱልኝ” አለች። “ቅዳሜ እናቴ ታየኛለች።”

ጋሽ ወልደሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። የእናቷን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናቷ ኛኩዎል ከድንበሩ ማዶ፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ፣ ስልክ በማይሠራበት ቀበሌ ነው የምትኖረው። እናትና ልጅ ከተያዩ ሰባት ዓመት አልፏል። አባትየው ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት፣ ኛሩዋይ “ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ወደ እኔ ነይ” ብላ በሰው ላከች። “ባሌ የተኛበትን መሬት ትቼ የትም አልሄድም” የሚል መልስ መጣ። ደግማ ላከች፤ ያው ነው። ልጅ ወልጃለሁ ብላ ስትልክ ግን የአሮጊቷ ቃል ትንሽ ላላ አለ።

“‘የልጅቷን ፊት ልየውና እነግርሻለሁ’ አለች” አለች ኛሩዋይ። “ቅዳሜ በጀልባ ወደ ከተማ ይወስዷታል። እዚያ በሳተላይት ኢንተርኔት የሚያስደውል ሰው አለ። ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀምስ ስልክ ላይ በቪዲዮ ትደውልልኛለች። ጀልባው እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የለችም።”

“ባትደውልስ?” አለች ከውስጥ የወጣችው ፀዳለ።

“‘በሰዓቱ ካልደወልኩ እምቢ ማለቴ ነው፣ ሁለተኛ አትላኪብኝ’ ብላለች። እናቴ ቃሏን አታጥፍም።” ኛሩዋይ ሰዓቷን በጣቷ ገፋ አደረገቻት። “ይህች ደግሞ የአባቴ ናት። ሲሞት እናቴ ናት የላከችልኝ። እንዲህ ቆሽሻ ካየቻት ‘የአባትሽን ነገር እንዲህ ነው የምትይዢው፣ እኔንስ እንዴት ልትይዢኝ ነው?’ ትለኛለች።”

ጋሽ ወልደሥላሴ ተማሪ እንደሚያረጋጋ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጄ፣ ይህችን ለእኔ ተዪልኝ። እናትሽ የምታያት ሰዓት አዲስ ትሆናለች” አሉ። በልባቸው ደግሞ የፈረንጁን ዘጠኝ ሰዓት ወደ አበሻው መለሱት፦ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ዓርብ ዕለት ሌላውን ሰዓት ሁሉ ወደ ጎን ብለው የኛሩዋይን ብቻ ያዙ። ማሰሪያዋ የሱቅ አይደለችም። ሟቹ አባቷ ከአንድ ከሚወደው በሬ ቆዳ፣ ፀጉሩን ሳይፍቅ፣ በገዛ እጁ ቆርጦ የሰፋት ናት። ፀጉሩ ግን ከላብ፣ ከአቧራ፣ ከሕፃን ገንፎና ከስፌት መኪና ዘይት ጋር ተጣብቆ፣ በሬው ጥቁር ይሁን ቀይ የሚለይ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ማሰሪያ በዕድሜያቸው ገጥሟቸው አያውቅም። ውኃ ከበዛባት ቆዳዋ ይኮማተራል፣ ብሩሹ ከበረታባት ፀጉሯ ይነቀላል። ደረቁን ብሩሽ በፀጉሩ አቅጣጫ ብቻ እየሳቡ ጀመሩ። ቀጥለው የሳሙናውን አረፋ ብቻ፣ ውኃውን ሳይሆን አረፋውን፣ በጥጥ እየዘገኑ አሹት። የመጀመሪያው ጥጥ ከሰል መስሎ ወጣ። አሥረኛውም ያው ነው። ሃያኛው ላይ ወደ ቡናማ አደላ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጠርተዋት ፀዳለ መጣች። “ነይ እስኪ፣ እዪ” አሏት። ማሰሪያዋ ቀይ ሆናለች፤ ከመሃሏ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ምልክት ብቅ ብላለች።

“ዥጉርጉር በሬ ነበራ” አለች ፀዳለ ጎንበስ ብላ። “አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ይባረክ።”

ምስጋና ደግሞ ጋሽ ወልደሥላሴን አይመቻቸውም፤ ማለቴ፣ ሲመሰገኑ ሥራ ይጨምራሉ። አሁንም ማሰሪያዋን ጥላ ላይ ሰቅለው በቃኝ አላሉም። ወደ ሰዓቷ ዞሩ። ጀርባዋን ጠረጉ፣ መስታወቷን ኮልጌት በነካ ጥጥ አሹ፣ ጭረቷ ጠፋ። ጎኗ ላይ ያለችው መዘወሪያ ሥር ግን የተጋገረ ነገር አለ። እሱን ለማውጣት መዘወሪያዋን ወደ ውጭ ሳቧት፤ የሰከንዷ ቆጣሪ ቀጥ አለች። በስቴኪኒ ጎርጉረው አጸዱላት። መልሰው ከመግፋታቸው በፊት፣ ያቆሟትን ሰዓት ራሳቸው ሊሞሏት የራሳቸውን ሰዓት ተመለከቱ። አሥራ አንድ ከሃያ።

የኛሩዋይ ሰዓት አራት ከሃያ ትላለች። “በፈረንጅ ነው የምትጠቀምባት” አሉ ለራሳቸው። “አራት ከሃያ በእኛ አሥር ከሃያ ነው።” እንግዲህ ሰዓቲቱ አንዲት ሰዓት ሙሉ ወደኋላ ቀርታለች። ጋሽ ወልደሥላሴ ክው አሉ። ይህች ልጅ ነገ ይህችን አምና ብትሄድ፣ እናቷ ደውላ ደውላ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ልትደርስ ነበር። ፈጣሪ ነው እኔ እጅ የጣላት፣ አሉ። ወዲያው ከመሳቢያቸው አዲስ ባትሪ አውጥተው ቀየሩላት። ከዚያ ቆጣሪዎቹን አንድ ሰዓት ወደፊት አዙረው፣ ከራሳቸው ሰዓት ጋር ሰከንድ ለሰከንድ አስተካክለው፣ መዘወሪያዋን ቀጭ አደረጓት። ሃያ ስምንት ዓመት የኬንትሮስ መስመርና የሰዓት ልዩነት ያስተማረ ሰው ሰዓት ሲሞላ እንዲህ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኛሩዋይ መጣች። ጋሽ ወልደሥላሴ ሰዓቷን ነጭ መሐረብ ላይ አድርገው አቀረቡላት። “አንድ ነገር ልነግርሽ…” ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ግን የኛሩዋይ ዓይን ነጯ ምልክት ላይ ተተከለ። ጣቷን አሳረፈችባት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። “ይህን በሬ ሳውቀው ልጅ ነበርኩ” አለች። “አባቴ ይዘፍንለት ነበር።” ፀዳለ መጥታ አቀፈቻት። ጋሽ ወልደሥላሴ የሚገቡበት ጠፍቷቸው ብሩሽና ጥጣቸውን መሰብሰብ ያዙ። ሊነግሯት የነበረውን ነገር ያኔውኑ ረሱት።

ቅዳሜ ጠዋት ኛሩዋይ ከቤቷ ስትወጣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር። አበባ ያለበት አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ኛጋይን ጸጉሯን አበጥራ አዝላታለች፣ ሰዓቷ አንጓዋ ላይ ነች።

“ገና ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ሳትቸኩይ ሂጂ” አሏት ጋሽ ወልደሥላሴ ከበረንዳው።

ኛሩዋይ ሰዓቷን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ፈገግ ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ጋሽ ወልደሥላሴ የልጅቷ ደስታ ተጋብቶባቸው ሻያቸውን ሁለት ብርጭቆ ጠጡ። ያን ቀን ከእሳቸው የተሻለ የረካ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። ቢያንስ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ቢቾክ በሩን ገፍተው ገቡ። አቶ ቢቾክ ባሮ ላይ ጀልባ ሲነዱ ኖረው ያረጁ፣ ረጅም፣ የኛሩዋይ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ከእናቷም ጋር የአገር ልጆች ናቸው። ከጋሽ ወልደሥላሴ ጋር ደግሞ አንድ ቀን ካልተነታረኩ አይውሉም።

“ልጅቷ የታለች? አብሬያት ልሄድ ነው የመጣሁት” አሉ አቶ ቢቾክ። “ኛኩዎልን ሰላም ልበላት።”

“አንተ ደግሞ መቼ ሰዓት አክብረህ ታውቃለህ?” አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ ወንበር እየሳቡላቸው። “ተነጋግረው ጨርሰዋል። ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነበር።”

“አራት ሰዓት ነው።”

“ዘጠኝ ሰዓት ብላኛለች በአፏ። ዘጠኝ ማለት ሦስት ነው።”

“ዘጠኝ በእነሱ” አሉ አቶ ቢቾክ ተረጋግተው። “ማዶ ያሉት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደኋላ ካዞሩ ስንት ዓመታቸው! የእነሱ ዘጠኝ የእኛ አራት ነው። እዚያ ዘመድ ያለን ሁላችን እናውቃለን። ኛሩዋይማ የእጅ ሰዓቷን ራሱ በእነሱ ነው የምትሞላው፣ እናቴ አሁን ምን እየሠራች ነው ብላ ለማሰብ።”

ጋሽ ወልደሥላሴ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። “አዙረዋል? ማን አዟቸው?” አሉ። ጥያቄው ሞኝ መሆኑን እያወቁ ነው የጠየቁት። ሲያስተምሩበት የኖሩት መጽሐፍ ሱዳንንም ጋምቤላንም ባንድ ሰዓት ነው የሚያስቀምጠው። መጽሐፉ ታትሞ ከቀረ በኋላ ዓለም የራሷን ሥራ ስትሠራ ማን ለጡረተኛ ይነግራል?

“ቢቾክ፣ ሰዓቷን እኔ ወደፊት አዞርኳት” አሉ። “ወደኋላ የቀረች መስሎኝ። ባትሪ ሁሉ ቀይሬላታለሁ።”

አቶ ቢቾክ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። “ታዲያ ቀድማ ሄደች እንጂ አልረፈደባትም። ትጠብቃለች።”

“ምኑን ነው የምትጠብቀው?” አለች ፀዳለ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና። ሁሉንም ሰምታለች። “ለእሷ እኮ ሰዓቱ አልፏል። እናቷ እምቢ ያለች መስሏት ነው አሁን የምትወጣው። አሮጊቷ ደግሞ ስትደውል ልጇን ታጣለች። ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?”

ጋሽ ወልደሥላሴ ስልካቸውን አውጥተው ኛሩዋይ ጋ ደወሉ። ዝግ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ያቺ ቁልፍ ያላት ስልኳ ሞታ ቤት ቀርታለች። የጀምስን ቁጥር ሁለቱም ሽማግሌዎች አያውቁትም። ጋሽ ወልደሥላሴ ጫማ ለመቀየር እንኳ አልታገሡም፤ በነጠላ ጫማቸው ወጥተው ያገኙትን ባጃጅ አስቆሙ።

ጀምስ ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ወጣት ነው፤ ሱቁ በጄኔሬተር ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ኢንተርኔት አይጠፋበትም። ባጃጁ መንገዱ ላይ ፍየል ሲያሳልፍ ጋሽ ወልደሥላሴ የራሳቸውን ሰዓት በየደቂቃው ያያሉ። አቶ ቢቾክ “አትየው፣ ብታየው አይቆምም” አሏቸው። አይቆምም እውነት ነው። ሱቁ በር ላይ ሲወርዱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ሆኗል፤ ኛሩዋይ ግን የለችም።

“አሁን ነው የወጣችው” አለ ጀምስ። “ዝም ብላ ስልኩን ስታይ ቆየች። ‘ቆይ እንጂ፣ ይደውሉ ይሆናል’ አልኳት። ‘እናቴ አታረፍድም’ አለችኝና ልጇን አዝላ ሄደች። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ።”

“ቢቾክ፣ አንተ እዚህ ሁን” አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ። “ከደወለች አውራት። ምንም ብለህ አውራት፣ ብቻ እንዳትዘጋው።”

ከዚያ እግሬ አውጪኝ አሉ። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ የቀኝ ጉልበታቸው ከታመመ ሰንብቷል፣ ነጠላ ጫማቸው በየእርምጃው ሊወልቅ ይታገላቸዋል። መንገድ ዳር የተቀመጡ ሴቶች “ቲቸር ምን ሆነው ነው?” ተባባሉ። አልመለሱላቸውም። ወልደሥላሴ፣ ማን ንካ አለህ? ሰዓት አጽዳ ተባልክ እንጂ ሙላ ተባልክ? እያሉ ራሳቸውን ይረግማሉ።

ኛሩዋይን ያገኟት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ልጇን ስታጠባ ነው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻላቸው ነበር። ሰዓቷን ከእጇ ፈታ ጭኗ ላይ አድርጋታለች።

“ልጄ፣ እናትሽ ገና ናት” አሉ ቁና ቁና እየተነፈሱ። “ሰዓቱ ገና ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

“ምን?”

“ዓርብ ሳጸዳት አንድ ሰዓት ወደኋላ የቀረች መሰለኝና ወደፊት አዞርኳት። ማዶ የተለየ ሰዓት እንዳላቸው አላወቅኩም። አሁን ማዶ ዘጠኝ ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል። ተነሺ።”

ኛሩዋይ ጭኗ ላይ ያለችውን ሰዓት፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየቻቸው። ሲገባት አንድ ትንፋሽ ወሰደባት። ከዚያ ልጅቷን ከጡቷ ነጥላ፣ ኛጋይ እሪ እያለች፣ ሰዓቷን በጥርሷ ይዛ ልጇን አዘለችና ቀድማቸው ሮጠች።

“የጀምስ ስልክና ሰዓቴ እኩል ነበሩ” አለች ዞር ብላ፣ ሰዓቷን ከአፏ አውጥታ አንጓዋ ላይ እያሰረች። “ሁልጊዜ ይለያዩ ነበር። እኩል ሲሆኑ ደስ አለኝ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።”

“እኔ ነኝ መጠየቅ የነበረብኝ” አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ፤ ሰምታቸው ይሁን አይሁን አያውቁም። በዚያ ጉልበታቸው ከእሷ እኩል መሮጥ የማይታሰብ ነው።

ሱቁ ሲደርሱ አቶ ቢቾክ ስልኩን በሁለት እጃቸው አፋቸው ላይ ለጥፈው በኑዌርኛ ይጮኻሉ። ማዶ ያለችው ሴትዮ ምናልባት ጥርሳቸውን ብቻ ሳታይ አልቀረችም። ጀምስ ስልኩን ከእጃቸው ወስዶ አቀናውና ለኛሩዋይ ሰጣት። ጋሽ ወልደሥላሴ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በኛሩዋይ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩ። አንዲት ቀጭን፣ ጸጉሯ የነጣ አሮጊት፣ ከኋላዋ የቆርቆሮ ግድግዳ። እናትና ልጅ ተያዩ። ሰባት ዓመት ነዋ።

ከዚያ ኛሩዋይ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ወደ ስልኩ አቀረበቻት። ኛጋይ ከልቅሶዋ ያልተመለሰች፣ አፍንጫዋ የፈሰሰ፣ ጸጉሯ የተበታተነ ነበረች። አሮጊቷ አንድ ነገር አለች፤ ኛሩዋይ የልጅቷን ፊት ወደ ጎን አዞረችላት። ሌላ ነገር አለች፤ የልጅቷን ጆሮ አሳየቻት። ኛጋይ እጇን ሰዳ ስልኩን ልትበላው ሞከረች። ማዶ ሳቅ ተሰማ። ኛሩዋይ አንጓዋን አነሳችና ሰዓቷን አሳየች፤ አሮጊቷ ወደ ስልኩ ተጠጋች፣ ከዚያ በቀስታ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገረች።

ጋሽ ወልደሥላሴ ሠላሳ ዓመት ኑዌሮች መሃል ኖረው ከሰላምታዋ ከ“ማሌ” ሌላ የሚያውቁት ጥቂት ነው። ያን ቀን እንደዚያ ያሳፈራቸው ነገር የለም። የአቶ ቢቾክን እጅጌ ሳቡ። “ምን አለች?”

“ቆይ” አሉ አቶ ቢቾክ። ዓይናቸውን ጠረጉ። ይህ ደግሞ ጋሽ ወልደሥላሴን አስፈራቸው፤ ሽማግሌ ለክፉም ለደጉም ያለቅሳል።

የአሮጊቷ ድምፅ ተቆራረጠ። ምስሏ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ ጠፋ። ጀምስ ደግሞ ሊደውል ሞከረ፤ አልገባም። ኛሩዋይ ስልኩን መለሰችለትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጇን አቅፋ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ጋሽ ወልደሥላሴ ተስፋ ቆረጡ። እምቢ ብላታለች ማለት ነው። ቢጠይቁ ቁስሏን መንካት ሆነባቸው። አንድ ሊያደርጉላት የሚችሉት ነገር ብቻ ታያቸው። አጠገቧ ቁጢጥ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። “ስጪኝ፣ ሰዓቷን ልመልስልሽ። የእናትሽ ሰዓት ላይ እንደነበረችው አደርጋታለሁ። ሁለተኛ አልነካትም።”

ኛሩዋይ ሰዓቷን በሌላ እጇ ሸፈነቻት።

“ይተዉት ቲቸር” አለች። “ወንዙ ሳይጎድል በጀልባ እመጣለሁ ብላኛለች። እሷ እዚህ ከሆነች ማዶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ምን ያደርግልኛል?”

ጋሽ ወልደሥላሴ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቁጢጥ እንዳሉ ቀሩ፤ አቶ ቢቾክ ናቸው በብብታቸው ይዘው ያነሷቸው።